እማሆይን ስናስታውስ

(በዕድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት ስለተጠየቀ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ወጥቷል።)



የዛሬው ስብሰባ ሦስተኛ ጉዳይ የእማሆይ ተዝካር ነው። ወደ ጉዳዩ ከመግባታችን በፊት ግን ስለ እማሆይ ጥቂት እንድናገር ሊቀ መንበሩ ፈቅደውልኛል።

እማሆይ ካረፉ ሦስት ሳምንት ሆናቸው። ቀብራቸው ላይ ሁላችንም ነበርን። ድንኳን የተከላችሁ፣ ውሃ የቀዳችሁ፣ ሦስቱን ቀን ከለቅሶ ቤት ያልተለያችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። የሕይወት ታሪካቸው ይነበባል ተብሎ ነበር፤ ዝናቡ አላስነበበም። ልጃቸው ያዘጋጀችውን ወረቀት በኋላ አሳየችኝ። አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። ተወለዱ፣ ተዳሩ፣ ስምንት ልጆች ወለዱ፣ መነኮሱ፣ አረፉ ይላል። ውሸት የለበትም፤ ግን ለኔ አልበቃኝም። ስለዚህ ከልጃቸው፣ ከመንዝ ለለቅሶ ከመጡት ዘመዶቻቸው፣ እንዲሁም እሳቸው ራሳቸው የወር መዋጮ ሊከፍሉ ሲመጡ ካጫወቱኝ ለቃቅሜ ይችን ጽፌያለሁ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ አጻጻፌ ቢጎረብጣችሁ እለፉኝ።

ስማቸውን አልጠራም። ልጃቸው በሰሌዳ ላይ ባይወጣ ብላለች። ደግሞስ እማሆይ ካልን ማን ይስታቸዋል?

እኛ እማሆይን የምናውቃቸው በቆባቸው ነው። ወደዚህ ሰፈር የመጡት ባላቸው በ2000 ዓ.ም. ካረፉና እሳቸውም ከመነኮሱ በኋላ፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ትሠራ ከነበረችው ልጃቸው ዘንድ ነው። ጠዋት ለኪዳን ሲደወል ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በትራቸውን ይዘው በዚህ በር ሲያልፉ ያየ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ በገዳም የኖሩ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። እማሆይ ከሃምሳ ዓመት በላይ የገበሬ ሚስት ነበሩ። እኔም ልናገር የፈለግሁት ስለዚያኛው ዕድሜያቸው ነው። ቆቡን እናከብራለን፤ ተገቢ ነው። ግን ቤተ ክርስቲያናቸውን በትከሻቸው የተሸከሙት በቆቡ ዘመን ሳይሆን በወፍጮው ዘመን ይመስለኛል።

ትውልዳቸው መንዝ ነው፤ ከመሐል ሜዳ ወዲያ ወደ ጓሳው ጠጋ ብሎ፣ አንድ የማርያም ደብር አጥቢያ። መቼ ተወለዱ ሲባሉ «ጠላት በወጣ ማግስት» ይሉ ነበር። ጠላት የወጣው በ1933 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ እናንተው አስሉት። እንደ ጊዜው ልማድ በልጅነታቸው ተዳሩ። የባላቸው ቤት ከወላጆቻቸው ቤት አንድ ወንዝ ብቻ ቢለየውም፣ ወንዙ ክረምት ሲሞላ እናታቸውን ሳያዩ ሦስት ወር ይቆዩ እንደነበር ነግረውኛል። ማልቀሻቸው የማርያም ቅጥር ነበር። «እዚያ ቢያለቅሱ ማንም ምን ሆንሽ አይልም፤ የሚጸልዩ ይመስላቸዋል» ብለውኝ ሳቁ።

የመንዝን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የደብረ ብርሃን ብርድ እንኳ ከሱ ጋር ሲተያይ ጨዋ ነው። አገሩ የገብስ አገር ነው። እንጀራው ገብስ፣ ቆሎው ገብስ፣ በሶው ገብስ፣ ጠላው ገብስ። ስንዴ በየቤቱ ጥቂት ነው የሚዘራው። ለቁርባን የሚሆነው ኅብስት ግን ከስንዴ እንጂ ከሌላ እህል አይሠራም። ይህን ትልልቆቹ ታውቃላችሁ፤ ልጆች ስላሉ ነው የማብራራው። ለኅብስቱ የሚሰጠው ስንዴ መገበሪያ ይባላል፤ ዘቢቡም፣ ዕጣኑም፣ ጧፉም አብሮ ይሄዳል። መገበሪያ ከሌለ ቄሱ ቢኖርም፣ ዲያቆኑ ቢኖርም፣ ሕዝቡ ቢሰበሰብም ቅዳሴ የለም።

ታዲያ እማሆይ ምን ያደርጉ ነበር መሰላችሁ? አውድማ ላይ ስንዴው ተወቅቶ፣ ተመንሽቶ ሲያበቃ፣ ባላቸው ወደ ጎተራ ሳያስገቡት በፊት እሳቸው እንቅባቸውን ይዘው ይቀርባሉ። መጀመሪያ የሚነሳው የማርያም ነው። እሱ ለብቻው በትንሽ ጎታ ይገባል፤ ያንን ጎታ ልጅ አይነካውም፣ እንግዳ ቢመጣም አይከፈትም። ተራቸው ሲደርስ በሰፌድ ያበጥሩታል፤ ከዚያ ቁጭ ብለው አንድ በአንድ ይለቅማሉ። እንክርዳዱ ብቻ አይደለም፤ የተሰበረችውን ፍሬ፣ የጠቆረችውን፣ የቀጨጨችውን ሁሉ። በኩራዝ አይሆንም፣ ዓይን ያታልላል ይሉ ነበር። ስለዚህ በቀን ብርሃን ነው፤ ቀን ደግሞ የገበሬ ሚስት መቼ ትቀመጣለች? ከወተቱ፣ ከከብቱ፣ ከውሃው፣ ከኩበቱ፣ ለእርሻ ከሚሄደው ምሳ እየሰረቁ ነው የሚለቅሙት። ሲያልቅ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥረው እስከ ቤተልሔሙ ደጅ ያደርሳሉ። ከዚያ ወዲያ የዲያቆናቱ ሥራ ነው፤ እሳቸው አይገቡም።

እኔ ሒሳብ ስለምወድ አንድ ነገር አስልቼ ነበር። እማሆይ አራት ወንድና አራት ሴት ወልደዋል። እናት ወንድ ስትወልድ አርባ ቀን፣ ሴት ስትወልድ ሰማንያ ቀን ሳትገባ ትቆያለች። አራት ጊዜ አርባ 160፣ አራት ጊዜ ሰማንያ 320፤ በጠቅላላው 480 ቀን ከቤተ ክርስቲያን በር ውጪ ነበሩ ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው «ስንዴው መች ቀረ?» አሉኝ። ለካስ አራስ ሆነው ጎረቤት ይለቅምላቸዋል፤ ጎረቤቲቱ ስትወልድ ደግሞ እሳቸው ይለቅሙላታል። ይህን ማንም አላዘዛቸውም፣ በስብሰባ የተወሰነም አይደለም።

ስለ በዓላትም ልናገር። በወር ስንት በዓል እንዳለ ታውቃላችሁ። ሚካኤል በ12፣ ማርያም በ21፣ መድኃኔዓለም በ27፣ በዓለ ወልድ በ29፣ ሌላውም አለ። በነዚህ ቀናት ሞፈርና ቀንበር ያርፋል፤ ወንዱ ነጭ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ስሞ ጠላውን ይጠጣል። እንስራው ግን አያርፍም። በበዓል መፍጨት ነውር ስለሆነ ዱቄቱ በዋዜማው ማለቅ አለበት፤ ስለዚህ ሴቲቱ ዶሮ ሳይጮህ ተነስታ መጁን ይዛለች። የማኅበሩ ጽዋ ተራ እሳቸው ቤት ሲገባ ብቅሉ፣ ጌሾው፣ ድፍድፉ፣ ጋኑን ማጠኑ፣ ዳቦው፤ ወፍጮ ቤት እስኪመጣ ድረስ ይህ ሁሉ በሁለት እጅ የሚፈጭ ነው። ወንዶች ብንቆጣም እውነቱ ይኸው ነው። እማሆይ ግን አማረው አልነገሩኝም። «እግሬ ቢቆምም ልቤ ይቀመጥ ነበር» ነው ያሉኝ፤ ምን ማለት እንደሆነ ገና እያሰብኩት ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ጭሰኝነት ቀረ፤ ቤተ ክርስቲያንም ከመሬቷ ታገኘው የነበረው ቀረ። በዚህ ላይ ክርክር አላነሳም፤ ሁሉም የራሱን ያስብ። እኔ የምለው ከዚያ በኋላ የቅዳሴው ነገር ይበልጡን በየቤቱ እጅ ላይ ወደቀ ነው። የየቤቱ እጅ ማለት ደግሞ የማን እጅ እንደሆነ ከላይ ተናግሬያለሁ። ዘቢብና ዕጣን ከገበያ በገንዘብ የሚገዛ ነው፤ ገንዘቡ የሚመጣው ከእንቁላሉና ከቅቤው ነው። ጧፉን ራሳቸው ይሠሩት ነበር። ከቆላ የመጣውን ጥጥ አባዝተው፣ ፈትለው፣ ፈትሉን በቀለጠ ሰም እያለፉ። እዚህ ሰፈርም እስከ መጨረሻው ዓመታቸው ድረስ እንዝርታቸው ከእጃቸው አልወጣም፤ ልጆች ሲያዩዋቸው መጫወቻ ይመስላቸው ነበር።

በ1971 ዓ.ም. መሠረተ ትምህርት ሲታወጅ እማሆይም ተመዝግበው ነበር። ፊደሉን ጨርሰው ስማቸውን መጻፍ እንደጀመሩ ሥራው በዛና ቀረ። የዕድር ደረሰኝ ላይ ግን በጣታቸው ፈርመው አያውቁም። ብዕሩን ጠበቅ አድርገው ይዘው፣ ምላሳቸውን በጥርሳቸው ነከስ አድርገው ስማቸውን ይጽፉ ነበር። ጊዜ ይፈጃል፤ ሰልፉ ይረዝማል፤ ማንም ቶሎ በሉ አላላቸውም።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። በ1976 ዓ.ም. በልጉ ቀረ። መንዝ ደጋው በበልግ ገብስ ነው የሚኖረው፤ በልግ ቀረ ማለት ግማሽ ሕይወት ቀረ ማለት ነው። ክረምቱም ከዳ። 1977 ሲብት ጎተራው ባዶ ነበር። በጎቹ በርካሽ ተሸጡ፤ ቀጥሎ የእርሻ በሬው ሄደ። ባላቸው እህል ፍለጋ ወጥተው ሳምንታት ቆዩ። ቤት ውስጥ እማሆይና አምስት ሕፃናት ቀሩ፤ ትንሹ ገና ጡት አልጣለም።

ቤት ውስጥ ያለው እህል ያ የማርያም ጎታ ብቻ ነበር። አንድ ቁና ስንዴ።

ይህን ሲነግሩኝ እዚህ ጽሕፈት ቤት፣ እዚያ ወንበር ላይ ነበሩ። ሁለት ቀን ጎታውን እያዩ ዋሉ አሉኝ። ልጆቹ ያለቅሳሉ፤ በሦስተኛው ቀን አላለቀሱም፤ ያኔ ነው የፈራሁት አሉ። ተነስተው ወደ ንስሐ አባታቸው ሄዱ። ቄሱም ከርሃብ የተነሳ ከመደብ አልተነሱም። እማሆይ ጠየቁ፦ የማርያምን ስንዴ ለልጆቼ ብቀቅል ምን እሆናለሁ? ቄሱ ልጆቹስ የማን ናቸው ብለው መልሰው ጠየቁ። ከዚያም ሂጂ ቀቅያቸው አሉ፤ ለኔም ከንፍሮው እፍኝ ላኪልኝ ብለው ጨመሩ።

ቀቀሉት። ለቄሱም እፍኙን ላኩ። እንዴት አድርገው ቁና ስንዴ እንዳብቃቁት እግዚአብሔር ይወቅ፤ በቀን አንዲት እፍኝ ከጎመን ቅጠል ጋር እያሉ ባላቸው የእርዳታ እህል ይዘው እስኪመጡ ቆዩ። ከአምስቱ ልጆች አንዱም አልሞተም። በዚያ ዓመት በአጥቢያው ስንት ሕፃን እንደተቀበረ ዘመዶቻቸው ለቅሶ ላይ ሲያወሩ ሰምታችኋል፤ አልደግመውም።

ከዚያ በኋላ ምርት በገባ ቁጥር እማሆይ የሚሰጡት አንድ ቁና መሆኑ ቀረ፤ ሁለት ሆነ። አንዱ የዓመቱ፣ አንዱ የዕዳው። ቄሱ ዕዳ የለብሽም ቢሉም አልሰሙም። «እሱማ ይቅር ብሎኛል፤ እኔ ነኝ እንጂ የማልረሳው» አሉኝ። ከ1979 እስከ 2000 ዓ.ም.፣ ማለት ባላቸው አርፈው እርሻው ለልጅ እስኪተላለፍ፣ ሁለት ቁና ነበር።

የጣራውን ነገር ሳልናገር አላልፍም። የደብሩ ጣራ በጓሳ ሣር የተከደነ ነበር። ጓሳው ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ሲጠበቅ የኖረ፣ በሥርዓት የሚከፈትና የሚዘጋ ነው እንጂ ማንም ተነስቶ አያጭደውም። ክዳኑ እየበሰበሰ ሲያስቸግር ቆርቆሮ ይገዛ ተባለ። በመንዝ የበግ ጸጉር ፈታይዋ ሴት ናት፤ ሸማኔው ወንድ ነው፤ ዝተቱም ባናውም ከዚያ ነው የሚወጣው። እማሆይ ሁለት ክረምት ጸጉር ፈትለው ሸጡና ለቆርቆሮው ሰጡ። ልጃቸው ስትነግረኝ በደብሩ መዝገብ ላይ የሰጪ ስም ተብሎ የተጻፈው የአባቷ ነው። ይህንንም አንድ ቀን አንስቼባቸው ነበር። «ማንበብ የሚችል እኮ እላይ አለ» አሉና ደረሰኛቸውን አጥፈው ወጡ። እኔ እዚህ ላይ ከእማሆይ አልስማማም። መዝገብ የያዘ ሰው ነኝና፣ የሰጠ ሰው ስሙ ቢጻፍ ደስ ይለኛል። በኛም መዝገብ «የእገሌ ባለቤት»፣ «የእገሊት እናት» የሚለውን በሚቀጥለው ስብሰባ እናየዋለን።

የቆሎ ተማሪዎችን በተመለከተ አጭር ላድርገው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጃቸው የቆመ ልጅ ባዶውን አልተመለሰም። ውሻቸውም ተማሪ ሲያይ አይጮህም ነበር ይላሉ ዘመዶቻቸው፤ ይህን እንኳ ማመን ይከብደኛል። ቀብራቸው ላይ ከሩቅ መጥተው ጥግ ይዘው ሲያለቅሱ የነበሩትን ቄስ ግን ሁላችሁም አይታችኋል፤ ከነዚያ ልጆች አንዱ ናቸው።

አንድ ልጃቸው ለውትድርና ሄዶ አልተመለሰም። ስለሱ አውርተውኝ አያውቁም። በየወሩ ለመድኃኔዓለም አንዲት ጧፍ ለብቻ ያስቀሩ ነበር።

እንግዲህ ወደ ተዝካሩ። እማሆይ ሊያርፉ ሳምንት ሲቀራቸው ለልጃቸው ቃል ሰጥተዋል። በሬ እንዳይታረድ፤ ጠላ በጋን እንዳይጠመቅ፤ ለዚያ የሚወጣው ገንዘብ ስንዴ ተገዝቶበት ለመንዙ ማርያም ደብር መገበሪያ እንዲሄድ፤ እዚህ ለነዳያን ንፍሮና ዳቦ ብቻ እንዲሰጥ። ዘመዶቻቸው በዚህ አልተስማሙም። እንደዚህ ያለች ሴት በንፍሮ ትሸኝ፣ ሰው ምን ይለናል አሉ። ሐዘናቸው ነውና አልፈርድባቸውም፤ በመንዝ የትልቅ ሰው ተዝካር እንዴት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከኛም አባላት ውስጥ እኚህ እናት ስንት ዓመት ከፍለዋል፣ ዕድሩ ድግሱን ያግዝ ያላችሁ አላችሁ። ቅንነታችሁ አይጠፋኝም።

እኔ ግን የማስበውን ልናገር። እማሆይ ድግስ ጠልተው አይደለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የደገሱ ሰው ናቸው። ድግስ ማን እንደሚሠራው ስለሚያውቁ ነው። በሬ ቢታረድ፣ ጋን ቢጣል፣ ሦስት ቀንና ሌሊት ጭስ ውስጥ የሚቆሙት የዚህ ሰፈር ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቻችሁ ቀን ሥራ ውላችሁ የምትገቡ። ልጃቸውም ልትበደር ነው። በሌላ በኩል ዘመዶቻቸው ራሳቸው እንዳወሩን በደብሩ አንዳንድ ወር መገበሪያ እየጠፋ ቅዳሴ ይታጎላል፤ ለቃሚ እጅ ወደ ከተማ ስለመጣ። በልተን የምንረሳው ሥጋና እዚያ የሚቀደሰው ቅዳሴ ሲመዘን እኔ የትኛው እንደሚበልጥ አይጠፋኝም። ደግሞም የሟች ቃል ነው፤ ሟች ከኛ ጋር ሊከራከር አይችልም።

ስለዚህ ለስብሰባው የማቀርበው ይህ ነው። ዕድሩ ድንኳኑንና ዕቃውን ለንፍሮው ቀን ይስጥ። ለድግስ እናዋጣ ያላችሁ ሁሉ በገንዘቡ ፋንታ እያንዳንዳችሁ የቻላችሁትን ስንዴ አምጡ። ዘመዶቻቸውን ሽማግሌዎቻችን ያነጋግሩልን፤ ስንዴውን እነሱ ራሳቸው ይዘው ቢሄዱ ክብሩ የነሱ ነው። ስንዴው ግን የተለቀመ ይሁን። እማሆይ ያልተለቀመ ስንዴ ሰጥተው አያውቁም። ወንዶችም ብትሆኑ ሰፌድ አያቃጥልም፤ እኔ የራሴን ትናንት ለቅሜ ጨርሻለሁ፤ ዓይን ይፈልጋል እንጂ ከባድ አይደለም። እማሆይ እንዳሉት በመብራት አትልቀሙ፤ ቀን ይሁን።

(ከንግግሩ በኋላ ውይይት ተደርጎ ሐሳቡ በድምፅ ብልጫ ተቀባይነት አግኝቷል። ስንዴው እስከ ቅዳሜ ድረስ በልጃቸው ቤት ይሰበሰባል። ከየቤቱ የመጣው በስም ይመዘገባል፤ ያመጣችው ሴት ከሆነች የሚጻፈው የራሷ ስም ነው። ዘመዶቻቸውን እንዲያነጋግሩ ሦስት ሽማግሌዎች ተመርጠዋል።)